«ያው ነው» እያሉ የሚጥሉን ካቴናዎች

በአማርኛ ውስጥ በጣም አደገኛው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው ብትሉኝ «እወድሻለሁ» አልላችሁም። «ያው ነው» እላችኋለሁ።

ለስላሳው የለም፣ ሌላ ልስጥሽ? ያው ነው። ታክሲው ሜክሲኮ አይሄድም፣ ልደታ ያወርድሻል፤ ያው ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ለስላሳውም ይጠጣል፣ ከልደታ ሜክሲኮም በእግር ይኬዳል። ነገር የሚበላሸው «ያው ነው» ባዩ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሻጭ ሲሆን ነው።

ስለ ካቴና ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት! «ይቺ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» ስትሉ ይሰማኛል። ግን አንዴ ታገሡኝ። ሞተር ባይኖራችሁም አባት አላችሁ፣ ወንድም አላችሁ፣ ወይም ነገ ከኋላ ተፈናጥጣችሁ የምትሄዱበት ሰው አላችሁ።

ተጂ፣ በቾ፣ ኮቲቻ

ተጂን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትወጡ ሰበታን አልፋችሁ፣ ተፍኪን አልፋችሁ የምታገኟት የበቾ ሜዳ ከተማ ናት። ጤፏ ስመ ጥር ነው። ጭቃዋ ደግሞ ከጤፏ ይብሳል! የሀገሩ ሰው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ጫማ ያወልቃል፣ ጎማ ይይዛል፣ በሬ ያንበረክካል። አባዬ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰው እዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ በያማሃ ኤጂ 100።

«ኤጂ» የሚለው «አግሪካልቸር» ከሚለው የመጣ ነው። ሞተሩ ከመነሻው ለእርሻ ቦታ የታሰበ ነው። ባለ ሁለት ምት፣ 100 ሲሲ የማይሞላ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው፣ በግራም በቀኝም የማቆሚያ እግር የተገጠመለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካቴናው ዙሪያውን በሽፋን የታሸገ ነው። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጋራው ጀርባ ሳለ በድምፁ ብቻ «ባለሙያው መጣ» የሚባልለት ሞተር ነው። መሥሪያ ቤቱ ያረጀ ንብረት በጨረታ ሲያወጣ አባዬ ተጫርቶ ገዛው። ውጭ ሀገር እንዲህ ያለውን ወልውለው፣ መስታወት ቤት አስገብተው «ቪንቴጅ» ይሉታል። እኛ ጋ «ሥራ ላይ ያለ» ይባላል።

ባለፈው ዓመት ካቴናው አለቀ።

መርካቶ በፌስታል

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር የተከለከለው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከተጂ ተነስቶ ሞተሩን ራሱን መርካቶ ድረስ ነድቶ «ለዚህ የሚሆን ካቴና ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙም አይገኝም። ታዲያ የዳር ከተማ ሰው ምን ያደርጋል? አሮጌውን ካቴና በፌስታል ጠቅልሎ ሚኒባስ ይሳፈራል።

አባዬም እንዲሁ አደረገ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ገባ። ሻጩ ልጅ አሮጌውን ካቴና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፤ አዲሱን ከጎኑ ዘረጋ፤ ፒን ከፒን ጋር ገጠመለት። «ጋሼ ይመልከቱ እንጂ፤ ልክ ነው፣ ያው ነው!»

አሮጌው ላይ 428 የሚል ተቀርጿል። አዲሱ ላይ 420። ሁለቱም አላነበቡትም። ልጁ አልተማረም፣ አባዬ መነጽሩን አልያዘም።

ተጂ ሲመለስ ካቴናው የኋላው ጥርስ ላይ አልቀመጥም አለ። ጠበበ። እዚህ ላይ መካኒኩ «ጋሼ፣ ይሄ ያንተ አይደለም፣ መልሰው» ቢል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እሱ ግን ግራይንደር አነሳ። የፊቱንም የኋላውንም ጥርስ በግራና በቀኝ ላጠው፤ አሳሳው፤ ካቴናው «ገባ»። ወገኖቼ፣ ጫማው ቢጠብ እግሩን ላጡት! ሽፋኑንም «ለጥገና ያስቸግራል» ብሎ አውልቆ ግድግዳ ሥር ጣለው።

ሦስት ሳምንት ቆየ። አንድ ቀን ከአስጎሪ መልስ፣ የጅማ መንገድ ላይ፣ ካቴናው ከጥርሱ ዘሎ ወጣ፤ የኋላውን ጎማ ቀረቀረው። ከኋላው የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ነቄ ሆኖ መሪውን ባይጠመዝዝ ኖሮ... ተዉት። አባዬ በክንድ ስብራትና በስድስት ሳምንት ጀሶ ተረፈ።

ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ያሮጌ ሞተር ነገር!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሞተሩ አልበደለም። የበደለው «ያው ነው» ነው።

ቁጥሩ ይናገራል፣ እኛ አንሰማም

ጋዜጠኝነት ስማር ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። ወሬውን ተወውና ምንጩን ያዝ። የካቴና ምንጭ ሻጩ አይደለም። ካርቶኑም አይደለም። ካርቶን ላይ «ጃፓን» ብሎ ማተም ማተሚያ ቤት ላለው ሁሉ ይቻላል። ምንጩ በካቴናው የጎን ብረት ላይ የተቀረጸው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የዕጣ ቁጥር አይደለም፤ ቋንቋ ነው። ስሙን ካቴና ብለን ከጣሊያን ወሰድን፤ ልኩ ግን የእንግሊዝ ኢንች ነው። ዛሬ የምንነዳበትን ባለ ሮለር ካቴና ሃንስ ሬኖልድ የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ማንችስተር ውስጥ ሠራው፤ ኢንቹም ከዚያው ተከትሎን መጣ። የመጀመሪያው አኃዝ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይነግራችኋል። 4 ከሆነ አራት ስምንተኛ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊሜትር። 5 ከሆነ አምስት ስምንተኛ፣ 15.875 ሚሊሜትር። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የውስጥ ስፋቱን፣ ማለትም ጥርሱ የሚገባበትን ክፍተት ይጠቁማሉ።

አሁን የአባዬን ካቴና አብረን እንየው። 420 እና 428 ሁለቱም በ4 ይጀምራሉ። የፒን ርቀታቸው እኩል 12.7 ነው። ለዚህ ነው ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ «ልክ» የሚመስሉት! የውስጥ ስፋታቸው ግን የ420ው 6.35፣ የ428ቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ ላይ የሚቀመጠው ሮለርም የ420ው 7.77፣ የ428ቱ 8.51 ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። በዓይን አይታይም። በአጥንት ግን ይታያል።

በ5 የሚጀምሩት ደግሞ የባሰ ወጥመድ አላቸው። 520፣ 525 እና 530 የፒን ርቀታቸውም ሮለራቸውም (10.16 ሚሊሜትር) አንድ ነው። የሚለያዩት በስፋት ብቻ ነው፤ 6.35፣ 7.94 እና 9.53። ይህ ማለት ሰፊውን 530 ለ520 በተሠራ ጠባብ ጥርስ ላይ ብታጠልቁት ይገባል። ይዞራልም! ሻጩም መካኒኩም «አላልኩህም?» ይላሉ። ካቴናው ግን ጥርሱ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተወላገደ ይሄዳል፤ ያለ አግባብ ጎኑን ይፈጋል።

የዛሬው ክርክሬ ጠቅላላ ይሄው ነው፤ መግባት ሌላ፣ መግጠም ሌላ። ሲገባ ያየ ሁሉ ገጠመ ብሎ ያምናል። የገባው ሁሉ ቢገጥምማ ኖሮ ስንቱ ትዳር ባልፈረሰ!

ቁጥሩ ቢጠፋስ?

አሮጌ ሞተር ነውና ቁጥሩ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከእኛ በፊት የነበረ «ያው ነው» ባይም ትክክል ያልሆነውን ገጥሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ካቴና ብቻ አትመኑ። ሦስት ነገር ለኩ።

አንደኛ፣ የፒን ርቀት። አንዱን ብቻ ለክታችሁ አትመኑት። በማስመሪያ አሥር ተከታታይ ርቀት ለኩና ለአሥር አካፍሉ። ያለቀ ካቴና ትንሽ ስለሚረዝም ድፍን ቁጥር አትጠብቁ፤ ግን 12.7 እና 15.875 እጅግ ስለሚራራቁ ስህተት አይፈጠርም።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ስፋት። ከሁለቱ የውስጥ የጎን ብረቶች መሐል ያለው ነው። ለዚህ ካሊፐር ያስፈልጋል። ጋራዥ የከፈተ ሰው ካሊፐር ከሌለው ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር እንደሚሠራው ነው።

ሦስተኛ፣ የሮለሩ ውፍረት። ይህንኑ በካሊፐር።

ከዚያ ምስክር ጥሩ። ምስክሩ ጥርሱ ነው። ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ የወጣ ጥርስ ካለ ውፍረቱን ለኩ፤ ከካቴናው የውስጥ ስፋት በጥቂቱ ብቻ የሳሳ መሆን አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ውሸታም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ። እጃችሁ ላይ ከእንግሊዝ የመጣ የጥንት ሞተር ያላችሁ ዕድለኞች ደግሞ መጽሐፉ ላይ «5/8 በ3/8» የሚል ብታገኙ አትደንግጡ። የዛሬው 530 ማለት ነው።

ቀጥሎ ርዝመት። ከስፋቱ ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው፣ ለምሳሌ 428-110 ቢል 110ሩ፣ የቀለበቱ ብዛት ነው። ቁጠሩት። ጠባቡና ሰፊው ቀለበት እየተፈራረቁ ስለሚያያዙ ብዛቱ ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም ለሁለት የሚካፈል ይሆናል። ጎዶሎ ከመጣላችሁ ወይ ተሳስታችኋል ወይ አንድ ሰው ግማሽ ቀለበት ቀጥሎበታል።

በመጨረሻ ማያያዣው። ትንሿ ክሊፕ አንድ ጫፏ የተዘጋ፣ ሌላው ክፍት ነው። የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚጓዝበት አቅጣጫ መቅደም አለበት። ተገልብጦ ከገባ ክፍቱ ጫፍ አንድ ነገር ሲነካ ክሊፑ ይወጣል፤ ካቴናው ይበተናል። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጎንበስ ማለት ብቻ ነው።

«ግን እኮ...» ለምትሉኝ

«ጠንካራው አይሻልም ወይ?» ወፍራሙ፣ ኤች የሚል ፊደል ያለበት ወይም ኦሪንግ ያለበት ካቴና? ጥንካሬ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኤች የሚለው የጎን ብረቱ የወፈረ ነው፤ ኦሪንግ ያለው ደግሞ ግራሶውን አፍነው የሚይዙ የጎማ ቀለበቶች በጎን ብረቶቹ መሐል ስላሉበት ወደ ውጭ ይሰፋል። የውስጥ ልኩ ቢገጥምም ውጪው የድሮውን ሞተር ገላ ወይም ሽፋን ሊፈጋ ይችላል። ፋብሪካው ያንን ቦታ ሲተው ኦሪንግን አላሰበም። ከመግዛታችሁ በፊት በጎንና በጎኑ ስንት ሚሊሜትር ክፍት ቦታ እንዳለ እዩ። ጡንቻማ ሙሽራ በር አላስገባ ካለ ቤቱን አናፈርስም።

«ካቴናውን ብቻ ብንቀይርስ?» ይህ ደግሞ የቁጠባ ስም የተሰጠው ብክነት ነው። ያለቀ ጥርስ ጫፉ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ እንደ ራሱ ያደርገዋል። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም በቆሸሸ እግር ላይ አዲስ ካልሲ ማጥለቅ ነው። ማወቂያውም ቀላል ነው። የኋላው ጥርስ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ካቴናውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የጥርሱን ግማሽ ያህል ካሳያችሁ አልቆለታል። በልኬት ከፈለጋችሁ፣ የ428 ካቴና አዲስ ሳለ 20 ርቀቱ 254 ሚሊሜትር ነው። ተወጥሮ 259 ከደረሰ ወደ ሁለት በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ሸኙት።

«ብሩ ከየት ይምጣ?» ይህኛውን ጥያቄ አልስቅበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ብረት ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግን የማነሳው ሂሳብ ሌላ ነው። አባዬ የተሳሳተውን ካቴና ገዛ፤ ተልጠው የተበላሹትን ሁለት ጥርሶች እንደገና ገዛ፤ ትክክለኛውን ካቴና እንደገና ገዛ፤ ሐኪም ቤት ከፈለ። ድሃ ሰው ሁለት ጊዜ መግዛት አይችልም። ልኩን ማወቅ ያለበት እንዲያውም እሱ ነው! ሀብታም ቢሳሳት ሌላ ሞተር ይገዛል።

«መካኒኩ ያውቃል።» የሚያውቅ አለ፤ ለእሱ ክብር ይገባዋል። የኮቲቻ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ፣ በአንድ ፒንሳና በአንድ ካቻቪቴ ተአምር የሚሠራ መካኒክ አውቃለሁ። ግን ስንቱ ነው ሽፋኑን አውልቆ የሚጥለው? በበቾ ሜዳ የኤጂን የካቴና ሽፋን መጣል በክረምት ጣራ ማፍረስ ነው። ፋብሪካው ያንን ቆርቆሮ ያለበሰው ለጌጥ አይደለም። እርጥብ ጭቃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። ካቴናው ቶሎ አለቀ ብላችሁ የምትማረሩ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ሥር የተጣለውን ሽፋን ፈልጉ።

«እህቴ፣ አባትሽን ላኪ»

አባዬ ጀሶ ላይ ሳለ ትክክለኛውን ልገዛ እኔ ሄድኩ። ወረቀት ይዣለሁ። 428፣ የቀለበቱ ብዛት፣ የፊትና የኋላ ጥርስ ብዛት። አንዱ ሻጭ ወረቀቱን ሳያይ ፊቴን አየና «እህቴ፣ አባትሽን ላኪ» አለኝ። አባቴን እኮ ልኬው ነበር! ልኬው ነው ተሰብሮ የመጣው።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ካቴናውን አመጡ፤ ቁጥሩን በጣታቸው እያሳዩ «አንብቢ፣ ልጄ» አሉኝ። አነበብኩ። 428። «እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው» አሉ። ደስም አለኝ፣ አዘንኩም። ቁጥር ማንበብ ብርቅ የሆነበት ገበያ!

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ብር አይጠይቁም።

ሻጮች ሆይ፣ መደርደሪያችሁ ላይ «የያማሃ»፣ «የሆንዳ»፣ «የቻይና» ብላችሁ የጻፋችሁትን ቅደዱና ቁጥሩን ጻፉ። ያማሃ አንድ ዓይነት ካቴና ብቻ አይጠቀምም። ቁጥሩን ለማያውቅ ደንበኛ ካሊፐር አውጡ። አንድ ደንበኛ «የለም» ስትሉት ቢሄድ ነገ ይመለሳል፤ «ያው ነው» ብላችሁ የጣላችሁት ግን ላይመለስ ይችላል።

መካኒኮች ሆይ፣ ካቴና አልገባ ሲል ግራይንደሩን አስቀምጡ። እምቢ ማለትም ሙያ ነው።

ባለ ሞተሮች፣ በተለይ የሽማግሌ ሞተር ባለቤቶች ሆይ፣ ዛሬውኑ ጎንበስ በሉ። ቁጥሩን፣ የቀለበቱን ብዛት፣ የሁለቱን ጥርሶች ብዛት በብጣሽ ወረቀት ጻፉና ሊብሬው ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ሞተሩን ይዛችሁ መርካቶ መግባት ባትችሉም ልኩ ይገባላችኋል።

አባዬ አሁን ድኗል። ሽፋኑ ተመልሶ ተገጥሟል፤ ካቴናው ተመልሶ 428 ሆኗል፤ ጥርሶቹ አዲስ ናቸው። ባለፈው እሑድ ሞተሩን አስነስቶ የተጂን ገበያ አንዴ ዞረ። ሲመለስ «እንዴት ነው?» አልኩት።

«ያው ነው» አለኝ እየሳቀ፤ «እንደ ድሮው።»

እንዲህ ያለውን «ያው ነው» ያብዛልን። ቸር እንሰንብት።